የታችኛው መንገድ ደንቃራ

መስከረም 8 ቀን 1931

ይህን ደብተር የጀመርኩት ያሳቅኩትንና ያስለቀስኩትን ሰው እንዳልረሳ ነው። ደብተሩ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተሰጠኝ ነው። ፊተኛው ገጽ ላይ ክፍልፋይ የሚባል ሒሳብ አለ። ትምህርቴ ያበቃውም እዚያው ክፍልፋይ ላይ ነው። ጣሊያን ገባ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ እኔም ከክፍልፋይ ዳንኩ። ይህን ለሸዋዬ ስነግራት በጥፊ አለችኝ።

ሸዋዬ ታላቅ እህቴ ናት። አባባ በዚያ የካቲት ከሞተ ወዲህ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ቤታችን ያለነው እኔና እሷ ነን። ባሏ ወዳጆ ነጋዴ ነው። ከፋሲካ በፊት ለንግድ መንዝ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም። ለጠየቀን ሁሉ የምንለው ይኸንኑ ነው።

የዛሬው ቀልድ እንዲህ ነው። ጣሊያኖች ለሹሞቻቸው ቤት በሚሠሩበት፣ ሠራተኛው አሁን አሁን ካዛንቺስ በሚለው ቦታ ድንጋይ እሸከማለሁ። አዲሱ ካፖ፣ ማለቴ የሠራተኛው አለቃ፣ «ቶሎ በሉ» በአማርኛ ምን እንደሚባል በእጁ እያጣደፈ ጠየቀኝ። «ቁጭ በሉ» አልኩት። ከምሳ በኋላ ድንጋዩ ሲዘገይበት «ቁጭ በሉ! ቁጭ በሉ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ሠራተኛው በያለበት ቁጭ። በጮኸ ቁጥር የቀሩትም ቁጭ። ጓደኛዬ ገበያው ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጋደም ብሎ፣

«እንዴት ያለ ቅዱስ ሰው ነው ይሄ!» አለ።

አስተርጓሚው ቀለመወርቅ መጥቶ ነገሩን አበላሸው። ባርኔጣውን አስተካክሎ ትከሻዬን በጨንገር አለኝ። «አንተን አውቄሃለሁ» አለኝ። ሲመታኝ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። እንዲህ ያለ ሰው ቀልድ አይገባውም።

መስከረም 11

ከሥራ ወደ ቤት ሁለት መንገድ አለ። የላይኛው ሰፊ ነው። ካሚዮን ይሄድበታል፣ ኬላ አለው፣ ወታደር አለው፣ «ቁም! እጅህን!» አለው። የታችኛው የኔ ነው።

የታችኛው ከኡራኤል በታች ቁልቁል ወደ ባንትይቀጡ ወንዝ ይወርዳል። ክረምቱ ሲወጣ እንደ ዛሬ ያለ ጊዜ የሚሄድበት ሰው ነገሥታትን ይንቃል። ዳሩ ዳሩ አደይ ነው። ቀጋው ነጭ አብቦ ወደ መንገዱ ስለሚያዘነብል ጎንበስ ብለህ ታልፋለህ፣ ስትወጣ ፀጉርህ ይሸታል። ዋኔዎቹ፣ የዱር ርግቦቹ፣ ካንዱ ዛፍ ሆነው ይጠሩሃል፣ እዚያ ስትደርስ ከሌላው ይጠሩሃል። ከኔ የባሱ ቀልደኞች ናቸው። መሐል ላይ ዐለቱና ወንዙ ተጠጋግተው ሰው አንድ አንድ እየሆነ ብቻ የሚያልፍበት ቦታ አለ። እኔ ጠባቧ እላታለሁ። ከጠባቧ ወዲያ አንድ ያረጀ ወይራ አለ፣ ሆዱ ባዶ ነው። ከዚያ በሰንሰሉ አጥር መሐል ሽቅብ ቂርቆስ።

ሌላው ሰው በዚህ መንገድ የሚሄደው እንጨት ሊለቅም፣ ውሃ ሊቀዳ ነው። እኔ የምሄደው ለመሄድ ነው። ገበያው ይሄን ስነግረው ግንባሬን ዳሰሰና «ትኩሳት የለህም» አለ።

መስከረም 15

ሸዋዬ የአንድ ጣሊያን ሐኪም ቤት ልብስ አጣቢ ናት። ዛሬ የልብሱን ጥቅልል እንደተሸከመች ከሥራ መውጫዬ ላይ ጠበቀችኝ።

«ያን መንገድህን አሳየኝ።»

«የትኛውን?»

«ጠዋት ማታ የምትለፈልፍለትን።»

«እታለም፣ ጥቅልል ተሸክመሽ ሽርሽር? እንደ ጣሊያን ሴቶች ጃንጥላ ይምጣልሽ?»

«አፍህን ዝጋና ቅደም።»

ቀደምኩ። ሁሉን አሳየኋት፤ ቀጋውን፣ እንጆሪው የሚያፈራበትን፣ ዓሣ የምትመስለውን ድንጋይ። እሷ ግን «እዚህ ጋ ስንሆን ከላይ ከኬላው እንታያለን?» ትላለች። ትንሽ እንሄድና «እዚህስ?» ትላለች። ጥቅልል ተሸክማ መታየት አፍራ ነው ብዬ ሳቅኩባት። ከጠባቧ እስከ ወይራው ከየትም እንደማይታይ ስነግራት ደስ አላት። ወይራውን በሬ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያውን አይታ፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

እኔ የምወደውን የወደደልኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ኮራሁ። ምን ላድርግ፣ ኮራሁ።

መስከረም 19

መስቀል አለፈ። ደመራው ዘንድሮ አነስተኛ ነበር። ሰዉ ከእሳቱ ይልቅ አጠገቡ የቆመውን ነበር የሚያየው።

ሸዋዬ አሁን ያለ እኔም በታችኛው መንገድ ትሄዳለች። «ነፋስ ልቀበል» ትላለች። ስትመለስ እፍኝ አደይ ይዛ ትመጣለች። የምታጥበው ልብስ የሐኪም ቤት መድኃኒት፣ ያ ቁስል ላይ የሚቀቡት ቡናማው ይሸታል። ጣሊያኑ ታሞ ይሆናል።

ዛሬ እጇን እስከ ክንዷ ወይራው ሆድ ውስጥ ከትታ ደረስኩባት።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እንጆሪ።»

ከወይራ እንጆሪ! በዚህ ሳምንት ሙሉ ልቀልድባት እችል ነበር። ማለቴ፣ ጀምሬም ነበር። ፊቷን አየሁና ተውኩት።

መስከረም 24

ጎረቤታችን እማማ አልጋነሽ ዶሮዎቻቸውን እየቆጠሩ ጠሩኝ። ዶሮ ሲቆጥሩ ሌላም ነገር ይቆጥራሉ።

«አጥናፉ፣ ወዳጆ የሄደው ከፋሲካ በፊት አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሸዋዬ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች።»

«ሽሮው ይሆናል።»

«ሽሮ!» አሉ። «እኔ ሰባት ወልጃለሁ፣ አንዱም ሽሮ አልነበረም። እንዴት ነው ሒሳቡ ታዲያ?»

«እማማ፣ እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ሒሳብ ላይ ነው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን አልሳቅኩም።

መስከረም 27፣ ጠዋት ለሥራ ስወጣ

ቸኩያለሁ። ሊነጋጋ ሲል ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ሳለ። «ምንድነው?» አልኩ። ሸዋዬ «ድመት ነው፣ ተኛ» አለችኝ። ድመት የለንም። የሚስል ድመትማ ማንም የለውም። ቆይቶ የጓሮው በር ሲጥጥ አለ።

በቃ ድመት ነው። ድመት ነው ብያለሁ።

ጥቅምት 2

ዛሬ በታችኛው መንገድ ስመጣ ቀለመወርቅ ቀጋው ሥር ቆሟል። ጨንገሩን ይዟል። መንገዱ ላይ የተቀመጠ እባብ ባይ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ቁጭ በሉ» አለኝ። ስሜ እሱ ሆኗል። «የላይኛው መንገድ ምን አደረገህ?»

«ጌታዬ፣ ይኸኛው ያምራል።»

«ያምራል?» ዙሪያውን አየ። የሚያምር ነገር ሲያይ የመጀመሪያው ይመስለኛል። «ሌላስ ማን ያምረዋል?»

እዚህ ላይ ነው። እዚህ ላይ ምላሴን ጅብ ይብላውና፣ ማለቴ ሰው ሲያስቀኝ እንጂ ሲያስፈራኝ ዝም ማለት አልችልም፣

«ማንም የለም፣ ጌታዬ። እኔ፣ ዋኔዎቹና እህቴ ነን» አልኩ።

«ልብስ አጣቢዋ?»

«አዎ። ነፋስ ትወዳለች።»

«ልብስ አጣቢ ነፋስ ትወዳለች» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ተማሪዎቹ እንዳይረሱት ቃል እንደሚያስጠና መሪጌታ። ከዚያ ከንፈሩን ወደ ዋኔዎቹ አዙሮ ፉጨት ነገር አሰማና ሄደ።

ጥቅምት 4

ምንም አልነገርኩትም እኮ። ያወራነው ስለ ዋኔ ነው።

ጥቅምት 5

ገበያው የምሳ አገልግሉ ውስጥ እንቁራሪት አገኘና ዘሎ ኖራ ውስጥ ገባ። ሠራተኛው ሞተ በሳቅ። እኔ አልሳቅኩም። ገበያው ነጭ ሆኖ መጥቶ «ምን ሆነሃል? ራስህ ከተህ ራስህ የማትስቅ?» አለኝ።

ነፋስ መውደድ ምን ነውር አለው? ጣሊያን ራሱ ነፋስ ይወዳል፣ እሑድ እሑድ ሚስቱን ይዞ ይወጣል።

ጥቅምት 7

ቀለመወርቅ አሁን በየማታው በታችኛው መንገድ ይመጣል። ዛሬ ወይራው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ሲያጨስ አየሁት። ከቀጋው አንድ ቅርንጫፍ ቀጥፎ ጫማውን ይጠርግበታል። ሸዋዬ ከጠባቧ ወዲህ አየችውና ጥቅልሏን እንደያዘች ተመለሰች።

ራት አልበላችም።

«ማን ነው ያን መንገድ ያሳየው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። መንገድ ነው፣ ማንም ያየዋል።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ድመቱ ይራባል» አለች ከዚያ፣ ለራሷ ነው እንጂ ለኔ አይደለም።

አብሬያት ቁጭ አልኩ። ብዙ የሚባል ነገር ነበር። ያ ባርኔጣ የደፋ ባንዳ እዚያ እያለ ለወዳጆ የምትልከው አይወጣላትም፣ ከሱም የሚመጣ አይገባላትም። ይሄን ጻፍኩ እንዴ? ወዳጆ ነጋዴ ነው። መንዝ ነው ያለው።

ጥቅምት 9

ገበያው ዛሬ የነገረኝን ስሰማ ድንጋዩ ከትከሻዬ ሊወድቅ።

«ቀለመወርቅ እኮ ትናንት መንገድ ላይ የተፈነከተ እንቁላል አይቶ ጠቅላላ ሰፈሩን ዞሮ ነው የሄደው» አለ። «አንገቱ ላይ ክታብ አለው፣ ይሄን ያህላል። ባርኔጣው የጣሊያን ነው፣ ልቡ ግን የእናቱ ነው።»

ደንቃራ!

መንገድ ላይ ደንቃራ የተጣለ እንደሆነ፣ ደፋሩም አይሻገረው፣ ቄሱም አይሻገረው። የተሻገረው ሰው የታሰበው ክፉ ሁሉ ይይዘዋል ይላሉ። ለምን ከዛሬ በፊት አልመጣልኝም? ከሥራ ሮጬ መጣሁ። ከእማማ አልጋነሽ ዶሮ ሥር አንድ እንቁላል (ገና ሙቅ ነው)፣ ከጥቁሯ ዶሯቸው ላባ፣ ከሸዋዬ መስፊያ ሣጥን ቀይ ክርና ጥቁር ክር። ገል ከጓሮ። ከሰል ከምድጃ። እንቁላሉን በከሰል አጠቆርኩት፣ በክሩ ሰባቴ ጠመጠምኩት፣ ገሉ ላይ አስቀምጬ ላባውን ሰካሁበት። አምስት ዓመት ከተማረ ደብተራ በተሻለ ሠራሁት። ጠባቧ ላይ፣ መሐል ለመሐል። ሰው ሳይሻገረው ማለፍ አይችልም፤ ባንድ ጎን ዐለት፣ ባንድ ጎን ወንዝ።

ስጨርስ ራሴው ፈራሁት። እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ጥቅምት 10

ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቼ አየሁ! መጣ። ጨንገሩን እያወዛወዘ፣ አንዲት የጣሊያን ዘፈን እያንጎራጎረ። ጠባቧ ጋ ሲደርስ ዘፈኑ አፉ ውስጥ ቀረ። ባርኔጣውን አወለቀ። አማተበ። ክታቡን አውጥቶ ሳመ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ጀርባውን ሳይሰጠው፣ ከንጉሥ ፊት እንደሚወጣ ሰው ወደ ኋላ እያለ እንጆሪው እሾህ ውስጥ ገባ። እጄን ነክሼ ነው ያልሳቅኩት፣ የጥርሴ ምልክት እስካሁን አለ።

ዋኔዎቹ ሳቁልኝ። መንገዴ ተመለሰልኝ።

ጥቅምት 12

ወሬው ከኔ እግር ይበልጣል። ሰፈሩ በሙሉ በታችኛው መንገድ መሄድ አቆመ። እንጨት ለቃሚዎቹ አቆሙ። ውሃ ቀጂዎቹ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ሱቅ ያላቸው አቶ ሱሩር እንኳ ስኳር ሲመዝኑ፣

«በኛም ዘንድ እንዲህ ያለውን አንነካም። ቢስሚላህ ብሎ መዞር ነው» አሉ።

እማማ አልጋነሽ ደግሞ ባንድ አፋቸው ሁለት ነገር ይራገማሉ፤ እንቁላላቸውን የሰረቀውንና ደንቃራውን የጣለውን። አንድ ሰው እንደሆነ ቢያውቁ ድካም በቀነሰላቸው። ይሄ ሁሉ በኔ አንድ እንቁላል! ሳልዋሽ፣ ከሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ደስ ብሎኛል።

ማታ ግን እማማ አልጋነሽ ቤታችን መጡ። ለሸዋዬ በጆሮዋ ነው የነገሯት፣ ግን የሳቸው ሹክሹክታ እስከ ለገሃር ይሰማል፦

«በዚያ በኩል እንዳትሄጂ። ነፍሰ ጡር ደንቃራ ከተሻገረች ጽንሱ አይጸናም። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፤ አትሻገሪ ብቻ።»

ሸዋዬ መዳፏን ሆዷ ላይ አደረገች።

ልነግራት ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ብነግራት «ቀለመወርቅን ከዚያ ለማባረር ለምን ፈለግህ?» ትለኛለች፣ ከዚያ ስለ ነፋሱ፣ ከዚያ ስለ ዋኔዎቹ ይመጣል። ነገ ሲነጋ እነግራታለሁ። ወይም ነገ ማልጄ ሄጄ አነሳዋለሁ። አንድ ቀን ይቆይ፣ ቀለመወርቅ አንድ ቀን ደግሞ ይሸበር። በቃ፣ አንድ ቀን።

ጥቅምት 13

ማልጄ አልተነሳሁም። ተኛሁ። ማታ ደግሞ ካፖው አስመሸን። ነገ።

ጥቅምት 14

ሸዋዬን ያዟት።

ጥቅምት 14፣ ደግሞ

ገበያው ነው ያየው። በላይኛው መንገድ መጣች። ኬላው ላይ ጥቅልሏን ፈቱት። ከአንሶላው መሐል ፋሻ፣ መርፌ፣ ያ ቡናማ መድኃኒት በጠርሙስ። ጠርሙሱ ወድቆ ተሰበረ፣ አፈሩ እስካሁን ይሸታል አለ። ቀለመወርቅ እዚያው ኬላው ላይ ቆሞ ነበር። በማታው ሽርሽሩ ፋንታ እዚያ ነው የሚቆመው ለካ፣ ታችኛው መንገድ ስለተዘጋበት።

ስለተዘጋበት።

«አልጮኸችም» አለ ገበያው። «ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች።»

ጥቅምት 15

ቤቱን በረበሩት። መሶቡን ገለበጡ። ፍራሹን ቀደዱ። የመስፊያ ሣጥኗን ደፉት፣ ክሩ ሁሉ ወለሉ ላይ። ይህች ደብተር የጓሮ እንጨት ሥር ነበረች።

«ባሏ የት ነው?»

«መንዝ። ነጋዴ ነው።»

በርጩማውን ያየሁት ሲመጣብኝ ነው። ከንፈሬ አብጧል፣ ለጊዜው የማሾፍበት አፍ የለኝም።

ጥቅምት 16

አቶ ሱሩር ሱቅ በር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ሸንኮራ ይልጣል። ጠዋትም ነበር፣ አሁንም አለ። ሰው ቀኑን ሙሉ ሸንኮራ አይልጥም። ዓይኑ የኛ በር ላይ ነው። የጓሮው በር ላይም ሌላ አለ።

አዚዛ፣ የአቶ ሱሩር ልጅ፣ ዳቦ ይዛ መጣችና ጮክ ብላ «አባባ ዳቦ ላከልህ» አለች፣ ቀስ ብላ ደግሞ «እንግዳ ካላችሁ አይምጣ» አለች። ሳትቀመጥ ሄደች። እኔ የምቀልድባት ልጅ፣ «አፍንጫ» የምላት።

እኔ ነኝ። ያ መንገድ እያለ እሷ በላይኛው ለምን ትሄዳለች? እኔ ነኝ።

ጥቅምት 17

እስር ቤቱ በር ላይ ስንቅ ይዤ ተሰለፍኩ። የሴቶቹን ስንቅ የሚቀበለው ዘበኛ ሽማግሌ ነው፣ የሸዋ ሰው ነው፣ ዓይኑን ከሰው ዓይን ያሸሻል። ሳህኑን ሲመልስልኝ፣

«እህትህ ‹ለድመቱ ምግቡን እንዳትረሳ› ብላለች» አለ። ሳቅ አለ። «እዚህ ገብታ የምታስበው ድመት!»

«ትወደዋለች» አልኩት።

«‹በእኛ መንገድ ሂድ› ብላለች ደግሞ። ምን ማለቷ እንደሆነ እንጃ።»

እኔ አውቄዋለሁ። ድመቱ ከመጣ ሃያ ቀን ሆኖታል፣ እንግዲህ ሊመጣ ነው። የሚመጣው ደግሞ ወደ ቤት ነው። ቤቱ በር ላይ ሸንኮራ የሚልጥ ሰው አለ። ከቤት በፊት ወይራው ጋ መድረስ አለብኝ።

ጥቅምት 18

በመሸ ጊዜ ወረድኩ። ቀጋው አበባውን ጨርሶ ፍሬ ይዟል። ዋኔ የለም። ከላይ ከኬላው ውሻ ይጮሃል። ከመንገዱ ጋር እንዲህ ተፈራርተን አናውቅም።

ጠባቧ ጋ ደረስኩ። እንቁላሉን ላነሳው ጎንበስ አልኩ።

የኔው እንቁላል አለ። የኔው ላባ፣ የኔው ክር። አጠገቡ ግን ሌላ ነገር ነበር። የኔ ያልሆነ። አንዲት የተቋጠረች ጨርቅ፣ የበግ ቀንድ ቁራጭ፣ በዙሪያው የተበተነ ቆሎ። እማማ አልጋነሽ መፍቻ ብለው ያስጣሉት ይሁን፣ ሌላ ሰው ጠላቱን ሊያሥርበት ደርቦበት ይሁን አላውቅም። ሰው ማመኑ ይኸውና። እኔ በሳቅ የጀመርኩትን ሌላው በእውነት ጨርሶታል።

ይሄን የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው፤ መሻገር አቃተኝ። እግሬን አነሳሁ፣ መለስኩት። አነሳሁ፣ መለስኩት። አባባ ቢያየኝ። ቀለመወርቅ ቢያየኝ! ልክ እሱ በቆመበት፣ ልክ እንደሱ ወደ ኋላ ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ከማዶ፣ ከወይራው በኩል፣ የሆነ ነገር ሳለ።

ዓይኔን ጨፍኜ ዘለልኩ።

ወዳጆ ከስቷል። ጢሙ ደረቱ ላይ ነው፣ ጠመንጃው ከሱ የወፈረ ይመስላል። ክንዱን የጠመጠመበት ጨርቅ የሸዋዬ መቀነት ነው።

«አንተ ነህ? ሸዋዬስ?»

ነገርኩት። የያዟትን ነገርኩት፣ ሸንኮራ የሚልጠውን ነገርኩት፣ ወደ ቤት እንዳይመጣ ነገርኩት። ወይራው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። እኔ ሌላውንም ልነግረው ጀመርኩ፤ «ጋሼ፣ ያ ደንቃራ...» አልኩ።

«እሱን የጣለውን ሰው እግዜር ይስጠው» አለ ወዳጆ። «ባንዳ እንዳያልፍ አደረገልን። እሱ ባይኖር እኛ እዚህ ቆመን አናወራም ነበር።»

አፌ ተዘጋ። እኔን አፌን የዘጋልኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

«ቁስለኛ አለብን» አለ። «እስካሁን ያቺ ልጅ ናት ያቆየችን።»

ስመለስም ዘለልኩት። ሁለተኛው አልቀለለኝም።

ጥቅምት 29

በሽቦው አጥር ውስጥ አየኋት! ሽማግሌው ዘበኛ ፊቱን ዞር አደረገልን። ቀጥናለች፣ ሆዷ ግን ታውቋል። ጣቷን በሽቦው አሾልካ አብጦ የነበረውን ከንፈሬን ነካችው።

«ድመቱስ?»

«ይበላል። ያው ያስለዋል።»

ሳቀች። ከዚያ ሳላስበው፣ ሳልዘጋጅ፣ «እታለም፣ ደንቃራውን የጣልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ቀልድ ነው። ቀለመወርቅን ላስፈራራ ብዬ ነው። እንቁላሉ የእማማ አልጋነሽ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ወሬውን ስሰማ በማግስቱ ወርጄ አየሁት። ክሩ የኔ ነው። ቀዩን ለሕፃኑ ልብስ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። እንደዚያ የተንጠለጠለ ቋጠሮ የሚቋጥር ደግሞ አንተ ብቻ ነህ።»

«ታዲያ ካወቅሽ!» ድምፄ ወጣ፣ ዘበኛው አየኝ። «ካወቅሽ ለምን አልተሻገርሽም?»

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፣ ያን ማታ እንዳደረገችው።

«እኔ አወቅኩ» አለች። «እሱ ግን ቀልድ አያውቅም።»

ዘበኛው «በቃ» አለ። ስትሄድ ዞር ብላ «መንገዱ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ቀጋው አፍርቷል» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ጎረቤት ደኅና እንደሆነ እንደሰማ ሰው።

ኅዳር 13

እስረኞቹን ትናንት በሚካኤል ዕለት በካሚዮን ጫኗቸው። ሴቶቹንም። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ግን ይናገራል። አንዱ አሥመራ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ይላል። ካሚዮኑ በላይኛው መንገድ ሲያልፍ ሥራ ላይ ነበርኩ። ድንጋይ እንደተሸከምኩ ሮጥኩ። ሸራው ተሸፍኗል። ካፖው «ቁጭ በሉ!» እያለ ጮኸ፣ ካስተማርኩት ወዲህ ምላሱ ላይ ቀርቷል። ማንም አልተቀመጠም። ማንም አልሳቀም። ገበያው ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረደልኝ።

እማማ አልጋነሽ ለሸዋዬ ብለው ጥቁሯን ዶሮ ለኡራኤል ተሳሉ። ስሟን ሲጠሩ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሒሳቡን ረስተውታል።

አሁን የሐኪሙን ልብስ የሚያመላልሰው እኔ ነኝ። የሐኪሙ ሚስት «እህትህ የት ሄደች?» አለች፣ «ታመመች» አልኳት። ሌላውን አልጽፈውም። ወንዶች ልብስ ሲሸከሙ ሰፈሩ ይስቃል፣ ይሳቅ። ሲስቁብኝ ጥቅልሉን አያዩትም።

ደንቃራው በዝናብና በጉንዳን ማርጀት ጀምሮ ነበር። ትናንት ከካሚዮኑ በኋላ አዲስ ሠራሁ። ቀዩ ክር ሊያልቅ ነው፣ ከሱ አንዲት ስንዝር ብቻ ጠመጠምኩበት፤ ሌላውን አስቀመጥኩት፣ ለሕፃኑ ልብስ ነው ብላለች። ገሉ ላይ አስቀምጬ ላባውን ሰካሁ። ቀለመወርቅ ዛሬ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያየው ነበር። አልወረደም።

መንገዱ ባዶ ነው። እንዲህ አምሮ አያውቅም። ሣሩ መሐሉ ላይ በቅሏል፣ ሚዳቋ ውሃ ልትጠጣ እስከ ዓሣዋ ድንጋይ ድረስ ትመጣለች፣ ዋኔዎቹ ተመልሰዋል። ይሄን ሁሉ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ሁልጊዜ የምመኘው ይሄንን ነበር፣ መንገዱ የኔ ብቻ እንዲሆን።

ጠባቧ ጋ ስደርስ ጥቅልሉን አጥብቄ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሻገራለሁ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። እኔው ነኝ የሠራሁት። ግን ከተሻገርኩ በኋላ ሆዴን እዳስሳለሁ፣ እሷ እንደምትዳስሰው።